ለቅሜ የጣልኩት ማሽላ

ባለፈው ሳምንት ዝናብ አባሮኝ አንድ ዘር መሸጫ ሱቅ በር ላይ ተጠለልኩ። የምገዛው የለኝም፤ በዚህ ዕድሜዬ ምን እዘራለሁ? ሻጩ ግን ሥራ ፈትቶ ኖሮ፣ በላስቲክ የታሸገ ማሽላ አንስቶ ዓይኔ ሥር አመጣውና፣ «እማማ፣ ይሄን ይዩልኝ፤ ንጹህ ነው። አንድ ወጥ ነው። አንዲት ባዕድ ፍሬ ቢያገኙበት እንደፈለጉ ይቅጡኝ» አለኝ። አየሁት። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም እኩል፣ በአንድ ቀን የተወለደ ይመስላል። ሰው እባብ ሲያይ ይፈራል፣ ጅብ ሲሰማ ይፈራል፤ እኔ ንጹህ ማሽላ አይቼ ፈራሁ። «ጥሩ ነው» ብዬው ዝናቡ ሳያባራ ወጣሁ። እየበሰበስኩ ስሄድ ልቤ አሰብ ወደብ ነበር፤ ዝናብ በማይታወቅበት አገር።

ያኔ ገና መመረቄ ነው። እርሻ ተምሬ፣ ወረቀቴን ተቀብዬ፣ ወረቀቱን እንኳ ገና በመስታወት ሳላስገባው። አሰብ ያስላከችኝ ምላሴ ናት፤ ሌላ ምክንያት ቢነግሯችሁ አትመኑ። ሰው ነገር ሲያንዛዛ መታገስ አልችልም፤ «ይጨርሱት በቃ» እላለሁ፤ ለአስተማሪም፣ ለሹምም። ጓደኞቼ ጅማና ሐረር ሲመደቡ እኔን አንድ አገዳ ማሽላ የማይበቅልበት ወደብ ላይ ጣሉኝ። ከካምዮኑ ስወርድ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ምድጃ አፍ ተቀበለኝ። ሻንጣዬን መሬት አስቀምጬ ለመመለስ አስቤ ነበር፤ ካምዮኑ ግን ጥሎኝ ሄደ።

አሁን ሳስበው ከተማዋን እወዳት ነበር፤ ያኔ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ውሃ በበርሜል እየተጎተተ በየበሩ ይሸጣል። ዓሣ ርካሽ ነው፤ የራሔይታ ሰዎች በጀልባ ሲያመጡት ክንድ የሚያህለውን በስሙኒ ትወስዳላችሁ፤ ሥጋ ያማረው ደገኛ ያለቅሳል እንጂ የሚርበው አልነበረም። ወንዶቹ ካኪ ቁምጣ ታጥቀው ካልሲያቸውን እስከ ጉልበት ይስቡታል። እኔ አዲስ አበባ ያሰፋኋት ባለአበባ ሽንሽን ቀሚስ በላቤና በባሕሩ ጨው ደርቃ እንደ ካርቶን ትቆም ነበር። በጣልያኑ ቡና ቤት ጥግ ሬዲዮ አለ፤ ከማዶ ከየመን የዑድ ዘፈን ያመጣል፤ ቃሉ ባይገባኝም ዘፋኙ አንድ ነገር የሚለምን ይመስለኝ ነበር። የአፋር ሴቶች እዚያው ጥግ ሰሌን ዘርግተው የፍየል ወተት ይሸጣሉ። ሰላምታቸውን ተምሬ ነበር፤ ዛሬ ጠፋኝ። ፊታቸው ግን አልጠፋኝም። የሚጠፋና የማይጠፋውን የሚመርጠው ማን እንደሆነ እንጃ።

የቢሮው ሹም አቶ ወንድይራድ ይባላሉ፤ ከሸዋ የመጡ፣ በጣም ጥንቁቅ ሰው። የሚጠነቀቁት ለሥራው ሳይሆን ለወቀሳው ነው። ከቢሮው ጀርባ ያለችው የላሜራ መጋዘን የኔ ነበረች፤ ውስጧ የዘር ከረጢት ሞልቷል። አንድ ፈረንጅ ከአስተርጓሚው ጋር ወሎንና ሐረርጌን ዞሮ ከየገበሬው እጅ የሰበሰበው ነው፤ ማሽላ፣ ገብስ፣ ሽንብራ፣ ኑግ። በየከረጢቱ አንገት ላይ ካርቶን ታስሯል፤ የመንደሩ ስም፣ የባለዘሩ ስም። መርከብ ሲመጣ ወደ ውጭ አገር ሄዶ ብርድ ክፍል ውስጥ ሊቀመጥ ነው ተባለ።

«ለምን?» አልኳቸው አቶ ወንድይራድን።

«አንድ ቀን አገር ላይ ቢጠፋ ከዚያ እንዲገኝ።»

ሳቅኩ። ማሽላ እንዴት ይጠፋል? መርፌ ነው እንዴ?

«ሳቁን ተይውና ይልቅ አጽጂው፤ ወይዘሪት የሺ» አሉኝ። «ነቀዝ ወይ አረም ቢገኝበት የምጠየቀው እኔ ነኝ። ንጹህ ካልሆነ ወረቀቱ ላይ አልፈርምም።»

እሳቸው ጠጠርና ገለባ ማለታቸው ነበር። ይሄ አሁን ይገባኛል። እኔ ግን ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ አንድ ነገር አለ፤ ጥሩ ዘር ማለት አንድ ዓይነት ዘር ማለት ነው። ከባቲ በታች ካለ ቆላ የመጣ አንድ ከረጢት ሰፌድ ላይ ዘረገፍኩ። ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ ቀይ አለ፣ ነጭ አለ፣ ቡናማ አለ፣ መሐሉ ጠቆር ያለ አለ። ከዚያ ደግሞ ኩርምት ያለ፣ ጥቁር ገለፈቱ ፍሬውን አልለቅም ያለ፣ ጸጉራም የሆነ ነገር። የዱር ማሽላ እንኳ ገብቶበታል፤ ማሳ ዳር የሚበቅለው ቀጭኑ። ተናደድኩ። ገበሬ መቼ ነው የሚሠለጥነው እያልኩ ቁጭ ብዬ ለቀምኩት። ነጩን፣ ደንደን ያለውን፣ የሚያምረውን አስቀርቼ ሌላውን በሙሉ ከመጋዘኑ ጀርባ አሸዋ ላይ ደፋሁት። ነጩ ላይ የነቀዝ መድኃኒት ነሰነስኩ፤ አሰርኩት። ካርቶኑ ላይ ከድጃ የሚል ስም ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በእጅ ሥራዬ ኮርቼ ነበር። ሌሎቹን ከረጢቶች በነጋታው እጀምራለሁ ብዬ ተውኳቸው፤ ደግነቱ ወባ ጣለኝና አልጀመርኳቸውም።

ከቢሮው ፊት ለፊት ሐጂ እንድሪስ ሱቅ አላቸው። ከባቲ በኩል የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ሩዝ፣ ተምር፣ ሽርጥ፣ ላምባ ይሸጣሉ። «ወይዘሪት፣ ያንን ቁጣሽን በኪሎ ብሸጥልሽ ሁለታችንም በከበርን» እያሉ ያበሽቁኛል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እሳቸው ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ ባሕሩ በኩል ያለው ሰማይ ጠቆረ። መጀመሪያ ጭስ መሰለን። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ እንደ ዝናብ ያለ፣ ግን ደረቅ። አንበጣ ነው። ከየመን ባሕሩን አቋርጦ መጣ። ፀሐይዋ ቡናማ ሆነች። ላሜራው ላይ ሲያርፍ ጠጠር የሚዘንብ ይመስላል፤ ቀሚሴ ውስጥ ገባ፣ ጸጉሬ ውስጥ ገባ፣ ጮህኩ። ጀልበኞቹ በጆንያ እየዛቁ በላሜራ ላይ እየጠበሱ በጨው ይበሉት ጀመር፤ ሳቅና ጨዋታ ሆነ። ሳያቸው እኔም ፍርሃቴ ለቀቀኝ። ሐጂ ግን አልሳቁም።

«ሐጂ፣ ምን አስፈራዎት? አሰብ ላይ ምን ቅጠል አለ? ጨው ይብላ እንዴ?»

«እኛጋ መች መጣ፣ ልጄ» አሉኝ። በእጃቸው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራራው አሳዩኝ። «በላያችን እያለፈ እኮ ነው። ወዴት ይመስልሻል የሚሄደው? የእህቴ ማሽላ ይሄኔ ጉልበት ደርሷል።»

ቀኑን ሙሉ አለፈ። በነጋታውም። ከዚያ ሰማዩ ጠራ፤ እኛ ባሕር ዳር ያለነው ሰዎች ረሳነው። የሚያስታውሱን ካምዮኖቹ ብቻ ነበሩ፤ ከደሴ ሲወርዱ ራዲያተራቸው ላይ የደረቀ አንበጣ እንደ ጭቃ ተለጥፎ ይመጣል። ሾፌሮቹን «አገሩ እንዴት ነው?» ስንላቸው እጃቸውን ያራግፋሉ፤ ሌላ ቃል አይናገሩም።

ከሳምንታት በኋላ ሐጂ አንዲት ረዥም ሴት አስከትለው ቢሮ ገቡ። አቶ ወንድይራድ ወደብ ወርደው ነበር። ሴትዮዋ ሁለት ቀን በቆዳ ጭነት ላይ ተቀምጣ መምጣቷን ሽታው ይናገራል። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

«ወይዘሪት፣ እህቴ ናት። ከድጃ» አሉኝ።

ካርቶኑ ላይ ያነበብኩት ስም ነው።

«ያ ፈረንጅ የወሰደውን ዘሬን ፈልጌ ነው» አለችኝ። ቁጭ በይ ስንላት አልተቀመጠችም። «አስተርጓሚው አሰብ መርከብ ይጠብቃል ብሎኝ ነበር። ሁሉን ስጪኝ አልልም፤ ድረስልኝን ብቻ።»

«ድረስልኝ ምንድን ነው?»

«ማሽላ ነዋ። ሌላው ስድስት ወር ያስለቅሰናል፤ እሱ ሦስት ወር ሳይሞላው ያፈራል። አጭር ነው፣ መልክ የለውም፣ ፍሬው ኩርምት ያለ፣ ገለፈቱ ጥቁር። ዝናብ ሲያጥር የሚያበላን እሱ ነው። ጎታ ያለኝን ዘር ሁሉ ዘርቼ አንበጣው ቅጠል ሳያስቀር በላው። የቀረኝ ለፈረንጁ የሰጠሁት ነው። ዝናቡ ገና ትንሽ አለው። በዚህ ሳምንት መሬት ካልገባ ልጆቼን ይዤ መሰደዴ ነው።»

«ከጎረቤት አይገኝም?»

«አንበጣ ጎረቤት ይለያል እንዴ?»

መጋዘን ገብቼ ከረጢቱን ሳነሳ፣ እባክህ አምላኬ አንድ እፍኝ እንኳ አምልጦኝ ይሁን እያልኩ ነው። አምጥቼ ሰጠኋት። ፎጣዋን መሬት ላይ አንጥፋ ዘረገፈችው። ጣቷን አስገብታ ገለበጠችው። እንደገና ገለበጠችው። ከዚያ በዝግታ፣ የሞተ ሰው ስም እንደሚጠራ የማሽላዎቹን ስም እየጠራች፣ «ድረስልኝ የለም። ጅጉርቲ የለም። ዘንጋዳ የለም። ደገሊት የለም። ነጩ፣ ወተት በጉንጬ፣ ብቻ ነው ያለው» አለች። ቀና ብላ አየችኝ። «ይሄ የኔ ዘር አይደለም።»

በሕይወቴ ሹም ፊት እንኳ ዋሽቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ግን፣ «እንዲሁ ነው የመጣው፤ ፈረንጁ መርጦት ይሆናል» አልኩ። ምላሴ ራሷ አላወቀችኝም።

«ፈረንጁ? እሱማ አስተርጓሚውን ‹እንዳለ ይሁን፣ አንዲት ፍሬ እንዳትለይ በላት› አስብሎኛል» አለችና፣ አንዷን ነጭ ፍሬ አንስታ ጥርሷ መሐል አደረገች። እነሱ አገር ሴት ዘር ስትቀበል በጥርሷ ሰብራ ነው የምትሞክረው፤ በድምፁ ነው መድረቁን የምታውቀው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

«ትፊው! ትፊው! መርዝ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሐጂ ዘለው የውሃ ኩባያ አመጡ። ተጉመጠመጠች፤ በር ላይ ወጥታ ተፋች፤ ደግማ ተፋች። አሁን ትወድቃለች፣ አሁን ትወድቃለች እያልኩ ዓይኗን አያለሁ። አልወደቀችም። አፏን በፎጣዋ ጫፍ ጠረገችና ተመልሳ ፊቴ ቆመች።

«መርዙን የነሰነሰው ማነው?»

«እኔ።»

«ስትነሰንሺው አይተሽዋል ማለት ነው። ነጭ ብቻ ነበር?»

 

«አልነበረም» አልኩ። «እኔ ነኝ የለየሁት። ቆሻሻ መስሎኝ ነው። የዱር ማሽላ ሳይቀር ገብቶበት ነበር…»

«ገብቶበት? እኔ ነኝ ያስገባሁት!» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከፍ አለ። «ማሳዬ ዳር ይበቅላል፣ አልነቅለውም። አንዳንድ ዓመት ከማሳው ይዳቀላል። ድረስልኝን ማን የወለደው ይመስልሻል? ቀዩን ወፍ አይበላውም፣ ነጩ ለጥጋብ ዓመት ነው፣ ደገሊት ጭቃ ይችላል። የትኛው ዓመት እንደሚመጣ ስለማላውቅ እኮ ነው ሁሉንም የማስቀምጠው! አንቺ ታውቂያለሽ እንዴ?»

«ተምራለች» አሉ ሐጂ በምሬት። «ተመርቃለች። አስተማሪዋ ማሽላ አይቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቂያት።»

«የት ነው የጣልሽው?» አለችኝ ከድጃ፤ ወሰድኳቸው።

በዚያ የሐምሌ ፀሐይ፣ መጋዘኑ ጀርባ፣ ሦስታችን በጉልበታችን ተንበርክከን አሸዋ ነፋን። ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሽርጣቸውን ሰብስበው፣ በዚያ ዕድሜያቸው። የወደቡ ዘበኛ ከሩቅ «ሐጂ፣ ምን ጠፋዎት?» ሲላቸው «የዓመት ምሳ» አሉት። አሸዋው መዳፍ ያቃጥላል፤ ፍየል አልፎበታል፣ ድንቢጥ ለቅሞበታል። እያንዳንዱ ጠጠር ፍሬ ይመስለኛል፤ ሳነሳው ጠጠር ይሆናል። ያን ቀን ያሰብኩት ይሄን ነው፦ የከድጃ ልጆች ቢሞቱ የገደልኳቸው እኔ ነኝ፤ ሰፌድ ይዤ፣ እያንጎራጎርኩ።

ራቁቱን የነበረውን ፍሬ ሁሉ ወፍ ጨርሶታል። የቀረው ገለፈቱን አልለቅም ያለው ነው፤ የተጸየፍኩት። ሲሰፈር አንድ ሲኒ አይሞላም። ከድጃ መዳፏ ላይ አድርጋ ነፋችው፤ አንዷን ነከሰች። ቀጭ አለ። «ነፍስ አለው» አለች።

«የዱሩ የትኛው ነው፣ ድረስልኝስ?»

«እኔም አልለየውም። ሲያፈራ ነው የሚታወቀው። ሁሉንም እዘራዋለሁ።»

ነጩን አልፈለገችውም፤ ረዥም ዝናብ የሚፈልግ ዘር ምን ያደርግላታል? ከሰዓት በኋላ በሚወጣ ካምዮን ልትሳፈር ስትል ዞረች። «ያ ከረጢትስ?»

«ወደ ውጭ ይሄዳል፣ እትዬ ከድጃ።»

«በኔ ስም?»

«በእርስዎ ስም።»

«በኔ ስም ውሸት አትላኪ። ከልጅ ልጆቼ አንዷ ቸግሯት ፈረንጆቹ ደጅ ሄዳ የአያቴን ዘር ብትላቸው ይሄን ነጭ ይሰጧታል። እሷም አምና ትዘራዋለች። ዝናቡ ሲያጥር ቆማ ታየዋለች። የጎደለውን ጻፊበት።»

«እጽፋለሁ።»

«በአላህ?»

«በእግዚአብሔር።»

ጻፍኩ። ያን ምሽት ሳይሆን ወዲያው፣ የካምዮኑ አቧራ ሳይበርድ። «ከዚህ ከረጢት ብዙ ዓይነት ማሽላ በስህተት ተለይቶ ተጥሏል፤ የጣልኩት እኔ ነኝ» ብዬ ስሜን አሰፈርኩ። ካርቶኑ ሥር ላስረው ክር ስፈልግ አቶ ወንድይራድ ከወደብ ተመለሱ፤ መርከቡ ደርሷል፣ ጭነቱ ዛሬውኑ ይገባል አሉ። ብዕራቸውን ከፍተው ወረቀታቸው ላይ እንደጎነበሱ፣ «ወይዘሪት የሺ፣ ሁሉም ንጹህ ነው?» አሉኝ። የኔ ወረቀት ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር። ባወጣው የሚሆነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ታየኝ፤ ከሥራ መባረሩ፣ ሻንጣዬን ይዤ አባቴ ቤት በር ላይ መቆሜ፣ «ሴት ተምራ» የሚሉት። ያቺ ማንንም የማትፈራ ልጅ እኔ ነበርኩ እኮ። «ንጹህ ነው» አልኩ። ፈረሙ። ክሬኑ ከረጢቶቹ የገቡበትን ሣጥን ሲያነሳ በመስኮት አየሁት፤ ከፍ አለ፣ ዞረ፣ መርከቡ ሆድ ገባ።

በመስከረም የከድጃ ሁለት ሴት ልጆች ወደ አጎታቸው ወደ ሐጂ ወረዱ፤ ቤት የሚበላ ስላልነበረ ነው። ትልቋ ሱቁ ደጃፍ ላይ ስታየኝ፣ «አንቺ ነሽ የጣልሽው?» አለችኝ፤ ክፋት የለበትም፣ ማወቅ ፈልጋ ነው። በሌላ መንገድ መዞር ጀመርኩ። የጣልያኑ ቡና ቤት፣ የዑዱ ዘፈን፣ የወተት ሴቶቹ፣ ሁሉም በዚያ በኩል ነበሩ፤ ሁሉም ቀሩብኝ።

ያ ከረጢት ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ብርድ ክፍል ውስጥ ዘር ረዥም ዕድሜ አለው ይላሉ። ሌላው ሰው ይሄን ሲሰማ ደስ ይለዋል። እኔ ግን አንዲት ሴት መንገድ ተጉዛ፣ በር አንኳኩታ፣ ነጩን በፎጣዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ደስ ብሏት ወደ ቤቷ ስትመለስ ይታየኛል። ፊቷን አላየውም። ቁመቷ ግን ረዥም ነው።

በኅዳር መጨረሻ አንድ ሾፌር ከባቲ መልእክት ይዞ ሐጂ ሱቅ ገባ፤ ስኳር ልገዛ ቆሜ ነበር። ያቺ የሲኒ ዘር በቅላለች። ግማሹ የዱር ሆኖ ወጣ፣ ግማሹ ድረስልኝ። ለመብላት አይበቃም። ከድጃ ዛላዎቹን ሁሉ ለከርሞ ዘር ብላ ቤቷ ውስጥ ሰቅላቸዋለች፤ ከእነሱ ሥር ተኝታ፣ ተርባ፣ አንዱንም አልነካችም። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ሚዛኑን ተደገፉ።

«አንዲት ነገር ደግሞ ብላኛለች» አለ ሾፌሩ። «እዚያ ቢሮ ያለችውን ልጅ ወረቀቱን ጽፋልኛለች ወይ ብለህ ጠይቅልኝ ብላኛለች።»

ሐጂ ወደኔ ዞሩ።

«ጽፋለች በላት» አልኩት።